ውጤቱን ከእንጀራው ለዩልን

ለፌዴራል ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የስድስት ወር የሥራ አፈጻጸም ምዘናን ይመለከታል

ክቡራን፣

የምጽፍላችሁ ከአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ነው። ስሙን አልጠራም። ብጠራውም ለውጥ የለውም፤ ጎረቤቱም ያው ነው። በዓመት ሁለቴ፣ ታኅሣሥና ሰኔ ሲያልቁ፣ የሁሉም ሠራተኛ ኤፊሸንሲ፣ ማለትም የሥራ አፈጻጸም ምዘና ፎርም፣ ጠረጴዛዬ ላይ ይከመራል። እቆጥራለሁ፣ ፊርማ የጎደለውን እመልሳለሁ፣ ኮምፒውተር ላይ እመዘግባለሁ፣ ፋይል ውስጥ እከታለሁ። ከዚያ በኋላ የደረጃ እድገት ማስታወቂያ እስኪወጣ ድረስ ማንም አይከፍተውም።

ጥያቄዬን ቀድሜ ልናገር፣ ሥራ እንደሚበዛባችሁ አውቃለሁ። ለሠራተኛው ስለ ሥራው የሚነገረውን ነገር፣ እድገትና ጭማሪ ከሚወስነው ቁጥር ለዩልን። ሁለቱ በአንድ ፎርም ላይ እስከተቀመጡ ድረስ ምዘናው ማንንም አያስተምርም።

ፎርሙ እንዴት እንደሚሞላ ላጫውታችሁ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ማሳሰቢያ እንለጥፋለን። «እስከ ጥር 5 ያላስገባ ኃላፊነቱን ራሱ ይወስዳል» ይላል። እስከ ጥር 5 ማንም አያስገባም። ከዚያ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ተግተልትሎ ይመጣል። ቡድን መሪው ለልጆቹ «ራሳችሁ ሞልታችሁ አምጡ፣ እፈርማለሁ» ብሏቸዋል። ሠራተኛው ያለፈውን ፎርም ከፍላሽ ላይ አውጥቶ ቀኑን ይቀይራል። ቀኑን መቀየር የሚረሳም አለ። ያኔ ያለፈው ዓመት ዕቅድ ዘንድሮ «ሙሉ በሙሉ ተፈጽሟል» ተብሎ ይደርሰኛል። እመልሰዋለሁ። ቀኑ ብቻ ተስተካክሎ ይመጣል። ቡድን መሪው ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ግድግዳ ተደግፎ ይፈርማል። ሠራተኛው ስለ ስድስት ወር ሥራው አንድ ቃል ሳይሰማ ይሄዳል። ውጤቱ 96.4 ነው። ነጥብ አራቷ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ የለም።

በእኔ እጅ የሚያልፈው ውጤት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከ90 በላይ ነው። ጎበዙ 96፣ ለዘብተኛው 95። የሰዓት ፊርማው ላይ ግማሽ ወር የጎደለ ሰው 94 ይዞ ይመጣል። ሁለቱንም ወረቀት ፋይሉ ውስጥ ጎን ለጎን የማስቀምጠው እኔ ነኝ።

ይህን የሚያደርጉት ቡድን መሪዎች ክፉ ሰዎች አይደሉም። ሐሰተኞች ናቸው ማለትም ይከብደኛል። ለምን እንዲህ እንደሚሞሉ ስጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነው። «የልጆች አባት ነው፣ እኔ ማን ነኝና እንጀራውን የምዘጋው?» እውነታቸውን ነው። መንግሥት ቤት ደመወዝ ከፍ የሚለው በአብዛኛው በደረጃ እድገት ነው። ለእድገት ለመወዳደር ደግሞ የቅርብ ጊዜ የምዘና ውጤት ይጠየቃል። የትምህርት ዕድልም እንደዚያው። ስለዚህ አለቃው የልቡን ጽፎ 78 ቢሰጥ፣ ያ 78 ምክር አይሆንም፤ ፍርድ ነው። በዚህ የኑሮ ውድነት፣ በዓል ሲመጣ ቤቱ ሄዶ የሚበላ፣ ልቅሶ ሲሆን አብሮት የሚቀመጥ አለቃ እንዴት ያን ፍርድ ይጽፋል? ይሉኝታ አለ። ፍርሃትም አለ፤ በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፣ ነገ ቦታው ይገለባበጣል።

ሌላም ነገር አለ፣ ይህ ብዙም አይወራም። አንድ ክፍል ውስጥ ያለው አለቃ ሐቀኛ ሆኖ 85 ቢሰጥ፣ ጎረቤት ያለው አለቃ 97 ይሰጣል። እድገቱ ሲወጣ የሁለቱ ሠራተኞች ይወዳደራሉ። ሐቀኛው አለቃ የቀጣው ሰነፍን ሳይሆን የራሱን ሰዎች ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ የተጎዳ ቡድን ያለው አለቃ በሚቀጥለው ስድስት ወር ምን እንደሚሞላ መገመት አይከብድም።

አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አለች። ጡረታ የደረሰ ሹፌር የቅጥር ደብዳቤው ከፋይሉ ጠፋ። ደብዳቤው ካልተገኘ የተወሰኑ የአገልግሎት ዓመታት ሊያጣ ነው። እሷ ምድር ቤት ወርዳ፣ አፍንጫዋን በነጠላ አስራ፣ የድሮ ካርቶኖች ውስጥ ስትፈትሽ ሰንብታ አገኘችለት። ከአንድ የጥገና ሠራተኛ ፋይል ጋር ተቀላቅሎ ነበር። የማንም ትእዛዝ አልነበረም። ፎርሟ ላይ ግን ለዚህ ዓይነት ሥራ ቦታ የለም። ያላት ረድፍ «ገቢና ወጪ ደብዳቤዎችን በወቅቱ መመዝገብ» የሚል ነው። አለቃዋ ደግሞ በነጥብ አሰጣጥ ቆንቋና ነው ይባላል። 93.5 ሰጣት። ለእድገት ስትወዳደር ከሌላ ክፍል 97.2 ይዞ የመጣ ሰው አለፋት። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ገባች። ኮሚቴው እንደገና ደምሮ «ስሌቱ ትክክል ነው» አላት። እርግጥ ነው፣ ድምሩ ልክ ነበር።

የእሷ ነገር የአጋጣሚ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት ከ4,000 በላይ ሥራ አስኪያጆች በተለያዩ ሰዎች እንዴት እንደተመዘኑ መርምሮ ነበር። ያገኘው ነገር ይገርማል። በውጤቶቹ መካከል ካለው ልዩነት ከግማሽ በላይ የሚሆነው የመጣው ከተመዛኙ ሥራ ሳይሆን ከመዛኙ የራሱ ጸባይ ነው። ቆንቋናው ለሁሉም ይቆነቁናል፣ ለጋሱ ለሁሉም ይለግሳል። ፎርሙ ላይ የተጻፈው ስም የሠራተኛው ነው፤ ውስጡ ያለው ግን በአመዛኙ አለቃው ነው።

ክቡራን፣ ሕጉ ራሱ ከምዘናው የጠበቀው ብዙ ነበር። በ2010 ዓ.ም. የተተካውን አዋጅ ቁጥር 515/1999ን ያነበበ ያውቀዋል። ምዘናው የሠራተኛውን ጠንካራና ደካማ ጎን አውቆ ወደፊት እንዲሻሻል ይርዳ፣ የሥልጠና ፍላጎትን ያሳይ፣ ውጤት ላመጣ ማበረታቻ ይስጥ፣ ለአስተዳደር ውሳኔም ማስረጃ ይሁን ይል ነበር። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ግሩም ዓላማ ነው። አንድ ወረቀት ላይ ሲታሰሩ ግን ይጣላሉ። ሥልጠና ያስፈልገኛል ብሎ የሚጽፍ ሠራተኛ ድክመቱን በገዛ እጁ ለእድገት ኮሚቴው ማቅረቡ ነው። ማን ይሞኛል? ስለዚህ ፎርሙ ላይ «መሻሻል ያለበት» በሚለው ቦታ የሚመጣልኝ መልስ ወይ «የለም» ነው፣ ወይ «አልፎ አልፎ ከመጠን በላይ መሥራት»።

ይህ ጠብ ከታወቀ ቆይቷል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የራሱን ዓመታዊ ምዘና አስጠንቶ፣ ግኝቱ በ1965 ታተመ። ወቀሳ የበዛበት ሠራተኛ ሥራው እንደመሻሻል ይብስበታል። ሙገሳ ይህን ያህል ለውጥ አያመጣም። ሥራ የሚሻሻለው አለቃና ሠራተኛ ቁጭ ብለው የተወሰነ ግብ ሲያስቀምጡ፣ ምክሩም በዓመት አንዴ ሳይሆን ከዕለት ዕለት ሲሆን ነው። ሥራን ለማሻሻል የሚደረግ ውይይት ደግሞ ደመወዝና እድገት ከሚወሰንበት ስብሰባ መለየት አለበት። የሚገርመው፣ ይኸው ኩባንያ በኋላ በጃክ ዌልች አመራር ሠራተኛውን በደረጃ ደርድሮ የታችኞቹን 10 ከመቶ በማሰናበት ዓለም ያወቀው ሆነ። የራስን ጥናት አለማንበብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸባይ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

የእኛ ሁኔታ ግን የራሱ ታሪክ አለው። በኢሕአዴግ ጊዜ መንግሥት ቤት የሠራ ሰው የግምገማ መድረክን አይረሳም። ሂስና ግለሂስ፣ አንድ ለአምስት፣ የለውጥ ሠራዊት። ሰው ይነሳና ድክመቱን ይናገራል። ሌሎቹ ይጨምሩበታል። ከአዳራሹ ሲወጣ ስለ ሥራው የተማረው ነገር ላይኖር ይችላል። ማን ምን እንዳለበት ግን አይረሳም። ከዚያ መድረክ ሰዉ ይዞት የወጣው ትምህርት አንድ ነው፤ ድክመትህን በአፍህ አትናገር፣ የሰውንም አትንካ። ዛሬ መድረኩ ቢቀዘቅዝም ትምህርቱ አልጠፋም። በወረቀት ላይ 95 ሆኖ ይታያል።

ቢኤስሲ (ባላንስድ ስኮርካርድ) የተባለው የምዘና ሥርዓትም በዚህ መሃል ነው የመጣው። ካፕላንና ኖርተን እ.ኤ.አ. በ1992 ሲያወጡት ድርጅት በገንዘብ ቁጥር ብቻ እንዳይመዘን፣ ደንበኛውንም የውስጥ አሠራሩንም እንዲያይ ብለው ነው። እኛ ከሚኒስትር እስከ ጥበቃና ጽዳት ድረስ አወረድነው። በብዙ መሥሪያ ቤት 60 ለተግባር፣ 40 ለባህሪ ተብሎ ተከፈለ። ከአርባዋ ውስጥ «ኪራይ ሰብሳቢነትን ለመታገል ያለው ተነሳሽነት» የሚል ረድፍ ነበረበት። ከአምስት አራት ያገኘ ሰው ምን ማለት ነው? አንድ አምስተኛውን ይበላል ማለት ነው? ሳቅ አይደለም፣ ለዓመታት ደምሬዋለሁ። ባህሪ ላይ ነጥብ ሲሰጥ በተግባር የሚለካው ሰውየው ከአለቃው ጋር ያለው መግባባት ነው። ዝም የሚል ሰው ባህሪው መልካም ነው። ስብሰባ ላይ «ይህ ግዥ እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ከአርባዋ ሁለት ሦስት ነጥብ ይጎድልበታል። 97 ከያዘ ሰው ጋር ሲወዳደር ሦስት ነጥብ ብዙ ነው።

«እንግዲያው የሚቆጠር ነገር እንለካ» ትሉ ይሆናል። እሱም ወጥመድ አለው። መስኮት ላይ የሚሠራ ሰው ዕቅዱ «የተስተናገደ ተገልጋይ ብዛት» ነው። አንዲት እናት ለአንድ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ብትመላለስ፣ ሲስተም የለም፣ ፋይሉ አልወረደም፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ተብላ፣ መዝገቡ ላይ ሦስት ተገልጋይ ሆና ትቆጠራለች። በመጀመሪያው ቀን ጨርሶ የሸኛት ሠራተኛ ያስተናገደው አንድ ነው። ሪፖርቱን ያየ አለቃ የቱን እንደሚያመሰግን አስቡት። ቁጥሩ ልክ ነው፣ ሴትየዋ ግን የታክሲ ጨርሳለች።

በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በተለያዩ ተቋማቱ ያሉ አመራሮችንና ሠራተኞችን የብቃት ፈተና አስቀምጦ ነበር። ብዙዎቹ የማለፊያ ነጥብ አላገኙም ተባለ። ከተማው ስለዚያ ፈተና ብዙ አወራ። ፈተናው ልክ ነበር አልነበረም የሚለውን ልተወው፤ ሥራና ፈተና ሁለት ነገር ናቸው። እኔ ግን ዜናውን ስሰማ ያሰብኩት ፋይሎቹን ነው። የወደቁት ሠራተኞች ባለፉት ስድስት ወራት ስንት ስንት ተሞልቶላቸው ነበር? በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሞላው ወረቀት ማን ምን እንደሚችል የሚነግረን ቢሆን ኖሮ፣ ሰው ሁሉ እርሳስ ይዞ አዳራሽ ይሰለፍ ነበር? ያ ፈተና በራሱ ኤፊሸንሲ አይታመንም የሚል የመንግሥት ምስክርነት ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ መንግሥት የተጠያቂነት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2013 ከተመዘኑት ቋሚ የፌዴራል ሠራተኞች 99 ከመቶ ያህሉ አጥጋቢ ወይም ከዚያ በላይ ውጤት ነበራቸው። እዚያም ይሉኝታ አለ መሰለኝ። የግል ኩባንያዎቹ ደግሞ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸው ወደ ኋላ እየተመለሱ ነው። አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓመታዊ ምዘናውን ትቶ በየጊዜው የሚደረግ አጭር ውይይት ተካ። ማይክሮሶፍት በ2013 ሠራተኛን እርስ በርስ የማበላለጥ ደረጃ አሰጣጡን አቆመ። ይህን የምለው እነሱን እንድንቀዳ አይደለም። ስንቀዳ ምን እንደምናደርግ አውቃለሁ፤ አዳማ ላይ የሦስት ቀን ሥልጠና፣ አበል፣ አዲስ ፎርም፣ ከዚያ 96.4።

አስተያየት መስጠት በራሱ ጥቅም የለውም ማለቴም አይደለም። ክሉገርና ዴኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው ሲያዩ፣ ለሠራተኛ ስለ ሥራው መንገር በአማካይ ሥራውን ያሻሽላል። ነገር ግን ከሦስት አንዱን ያህል ጊዜ ጭራሽ ያበላሸዋል። የሚያበላሸውም በተለይ ነገሩ ከሥራው ወጥቶ ወደ ሰውየው ማንነት ሲዞር ነው። «ይህ ደብዳቤ ቁጥር ይጎድለዋል» እና «አንተ ቸልተኛ ነህ» አንድ አይደሉም። የእኛ አርባ ነጥብ ደግሞ የተሠራችው ለሁለተኛው ነው።

አንድ ከባድ ተቃውሞ አውቃለሁ። የሥራ ባልደረቦቼም ይህን ደብዳቤ ሳነብላቸው ያሉኝ እሱን ነው። «ቁጥሩን ከእድገት ካወጣችሁት እድገቱ በዘመድና በብሔር ይሆናል፣ ቢያንስ 96.4 ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር ነው።» ይህን አላቃልለውም። በዚህ አገር ያለ ማስረጃ የተሰጠ ሥልጣን የት እንደሚሄድ ሁላችንም አይተናል። ግን ያ ቁጥር አሁን ማንን ነው የሚጠብቀው? ሁሉም 95 ከያዘ የሚወስነው የነጥብ ቁራጭ ነው። የነጥብ ቁራጩን ደግሞ የሚሰጠው ያው የምንፈራው አለቃ ነው፣ በኮሪደር ላይ። ዝምድናን ይከለክላል ያልነው ወረቀት ለዝምድና ማኅተም ሆኖ እያገለገለ ነው።

እድገት በሌላ መንገድ ይወሰን። ለሚወዳደሩበት ቦታ የሚሆን የሥራ ናሙና ይሰጣቸው። ለመዝገብ ቤት ኃላፊነት የሚወዳደር ሰው የተዘበራረቀ የፋይል ክምር ይሰጠውና ያስተካክል። ለቡድን መሪነት የሚወዳደር የአቤቱታ ደብዳቤ አንብቦ መልስ ይጻፍ። የሚያርመው ከሌላ መሥሪያ ቤት የመጣ፣ ስሙን የማያውቅ ሰው ይሁን። ስም ሸፍኖ ማረም አዲስ ፍልስፍና አይደለም፤ የአገር አቀፍ ፈተና በኮድ ሲታረም ኖሯል።

የስድስት ወሩ ውይይት ደግሞ ቁጥር አይኑረው። ቡድን መሪና ሠራተኛ ቁጭ ይበሉ፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። አንድ ገጽ ይጻፍ፤ ምን ተሠራ፣ የት ተሰናከለ፣ ምን ይጎድላል። ስለ ባህሪ ሳይሆን ስለተሠራ ነገር ይጻፍ፣ ቀኑና ጉዳዩ ተጠቅሶ። ሠራተኛውም ስለ አለቃው ይጻፍ፤ ኮምፒውተር ተበላሽቶ ሁለት ወር ሳይጠገን መቆየቱን፣ ዕቅድ የወረደው መስከረም ላይ መሆኑን። ያ ገጽ ወደ እድገት ኮሚቴ አይሂድ። እኔም ጋ ባይመጣ ደስ ይለኛል፣ ቁም ሣጥኑ ሞልቷል።

በእውነት የማይሠራ ሰው ካለስ? ለእሱ የዲሲፕሊን ሕግ አለ። ማስጠንቀቂያ አለ፣ ማስረጃ አለ፣ ኮሚቴ አለ፣ ይግባኝ አለ። ኤፊሸንሲ የዲሲፕሊንን ሥራ እሠራለሁ ብሎ ገብቶ የራሱንም አልሠራም።

በ2017 ዓ.ም. አዲስ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ጸድቋል። አዋጅ ሲለወጥ ፎርሙም መለወጡ አይቀርም፤ በየጊዜው የተለወጡት ፎርሞች መደርደሪያ ላይ አሉኝ። የምለምናችሁ ከሚቀጥለው ፎርም በፊት አንድ ነገር እንድታደርጉ ነው። በእናንተው ቤት ጀምሩ። የኮሚሽኑ ሠራተኞች ያለፈው ስድስት ወር ውጤት ስንቱ ከ95 በላይ፣ ስንቱ ከ90 በላይ፣ ስንቱ ከ80 በታች እንደሆነ፣ ያለ ማንም ስም፣ ለሕዝብ አውጡ። ከዚያ የሌሎቹን መሥሪያ ቤቶች ጠይቁና ከተገልጋይ እርካታ ሪፖርታቸው ጎን አስቀምጡት። የእኛን እኔ በአንድ ቀን አዘጋጅቼ እልካለሁ፤ ኃላፊዬ ከፈረመልኝ።

ከሰላምታ ጋር

አንድ የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ

ግልባጭ፦
ጥር ላይ «ራሳችሁ ሞልታችሁ አምጡ» ለሚሉ ቡድን መሪዎች ሁሉ